«ኬሬ» እያሉ የሚገቡት መምህር

ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ሊገዛ የሄደ ሰው ጆሮውን የሚያዘጋጀው ለዋጋ ክርክር ነው። ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተራዬን ስጠብቅ ግን፣ ዓሣ የሚያጸዳው ሰውዬ ቢላዋውን አስቀምጦ አተኩሮ ያየኝ ጀመር።

«ቲቸር፣ አላወቁኝም?»

ፊቱን አላወቅሁትም፤ ድምፁን ግን አወቅሁት። ከክፍሉ የኋላ ወንበር ይመጣ የነበረ ድምፅ ነው።

«ታሪኩ ነህ። ወፍረሃል።»

«ሐይቁ ነው ያወፈረኝ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ እጁን በሽርጡ ጠረገና ሳቁን ሰበሰበ። «ጋሼ ሌዳሞ ማረፋቸውን ሰምተዋል?»

አልሰማሁም ነበር።

«ማክሰኞ ቀበርናቸው። ሰው ብዙ አልነበረም። ጎረቤቶቻቸው፣ የጸሎት ቤታቸው መዘምራን፣ ከእኛ ከድሮ ሯጮቻቸው ደግሞ ጥቂት።»

«ከተራራውስ፣ ከዋሬራ?»

ታሪኩ ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ። «ከዋሬራ ማንም አልመጣም። ደግሞስ ማን ሮጦ ይንገራቸው፣ ቲቸር?»

ለምን ማንም እንዳልመጣ ታሪኩ በግማሹ ያውቃል። ሙሉውን ከሚያውቁት በሕይወት ያለነው ጥቂቶች ነን። ስለ ሙት ክፉ አይወራም ይባላል፤ እኔ የምጽፈው ግን ክፉም ደግም ብዬ ልለየው ያልቻልኩትን ነው።

መምህር ሌዳሞን ያወቅኋቸው በደርግ ዘመን፣ ከተማችን ገና አዋሳ ተብላ በምትጠራበት ጊዜ ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ማስተማር ስጀምር፣ እሳቸው በዚያው ትምህርት ቤት የታወቁ የስፖርት መምህር ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ትከሻቸው ጥቂት ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። ከራሳቸው የማይለይ፣ ጠርዙ የተበላ የካኪ ባርኔጣ ነበራቸው። ሲያልባቸው አውልቀው በውስጡ ፊታቸውን ይጠርጉና መልሰው ይደፉታል። ከመምህራን ክፍል ሴቶች መካከል ይህን አይታ ፊቷን ያላኮማተረች የለችም። እሳቸው ግን «የራሴው ላብ ነው፤ ከማን ይጋባብኛል?» ይሉ ነበር።

የሩጫ መምህር ከፊት ይሮጣል ብዬ አስብ ነበር። መምህር ሌዳሞ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ ነበሩ። «ከፊት የሚሮጥ መምህር ለተማሪው ጀርባውን ነው የሚያሳየው» ይሉኛል። ከኋላ ሆነው ታዲያ አፋቸው አያርፍም። «ታሪኩ! ጉማሬዎቹ እንኳ አልፈውህ ሄዱ እኮ!» «አንተ፣ ሐይቁን ልትዞረው ነው ወይስ ልትጠጣው?» በሴቶቹ ልጆች ላይ በዚህ ዓይነት አያሾፉም፤ «ልጆቼ፣ ዳገቱን ቀና ብላችሁ አትዩት፣ ይኩራራል» ይሏቸዋል። ዳገት ጨርሶ «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ» ያለ ሯጭ ካለ ግን ወዲያው ያስቀምጡታል። የደከመ ሰው ደኅና ነኝ ሲል አይታመንም ባይ ነበሩ። እኔን «ካርታ» ብለው ስም አወጡልኝ። ዓመታት ቆይቶ፣ ሌላው ሁሉ ወይዘሮ እያለ በሚጠራኝ ጊዜም ለእሳቸው ያው ካርታ ነበርኩ።

አዋሳ ሜዳ ናት። «የታቦር ኮረብታ ደግሞ ገና ሳያልበን ያልቅብናል» ስለሚሉ፣ የአገር አቋራጭ ሯጮቻቸውን በየቅዳሜው ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳለች ዋሬራ ወደምትባል ትንሽ የተራራ መንደር ይወስዱ ነበር። እሳቸው የተወለዱት ከእሷ ማዶ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ሴት ተማሪዎች ያለ ሴት መምህር ከከተማ እንዳይወጡ ርእሰ መምህሩ ስላዘዙ፣ አብሬ እንድሄድ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ሩጫ አልወድም ነበር፤ አሁንም አልወድም። እነዚያን መንገዶች ግን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ መሳል እችላለሁ።

የጭነት መኪናው መንገዱ እስከሚያልቅበት ያደርሰናል። ከዚያ በእግር ነው። ዋሬራ በተራራው ትከሻ ላይ፣ በእንሰት መካከል የተቀመጠች መንደር ናት፤ ከደጃፎቿ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ ሐይቁ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቆርቆሮ ይመስላል። መምህር ሌዳሞ በዙሪያዋ ሦስት የሩጫ መንገድ ነበራቸው፤ ለሦስቱም ስም ያወጡላቸው በሚመላለስባቸው ሰው ነው። የወተት መንገድ ሴቶች ወተት ይዘው ወደ ገበያ የሚወርዱበት ሰፊና ለስላሳ ሲሆን የጀማሪዎች ነበር። የምንጭ መንገድ ወደ ውኃው በድንጋይ ላይ ወርዶ በዚያው ድንጋይ ይመለሳል፤ «ጭን የሚሠራው እዚህ ነው» ይላሉ። ሦስተኛው የጸሎት መንገድ ነው። በሸንተረሩ ጫፍ፣ በጽድና በኮሶ ዛፎች መካከል አልፎ፣ በሩ በመንግሥት ወደታሸገ አንድ ጸሎት ቤት ይደርስና ዞሮ ከላይ ወደ መንደሩ ይገባል። ከሯጮቹ በቀር በዚያ የሚያልፍ ሰው አልቀረም ነበር። አንድ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ጓድ፣ ወደዚያ ምን ይወስዳችኋል?» ብሎ ጠየቃቸው። «ዳገቱ» ብለው መለሱለት። ለእኔ ግን፣ ሁለት ክረምት እግር ያልረገጠው መንገድ ሣር በልቶት እንደሚቀር፣ ያ መንገድ ደግሞ አንድ ቀን እንደሚፈለግ ነገሩኝ።

ልጆቹም እኔም መጀመሪያ የሄድንበት ቅዳሜ የሆነውን ሳስታውስ አሁን ፈገግ እላለሁ። ያን ቀን ፈገግ ያለ አልነበረም።

መምህር ሌዳሞ «ትንፋሻችሁን ቆጥቡ፣ አፋችሁን ዝጉ» ብለው ሯጮቹን በጸሎት መንገድ አስነሷቸው። እኔ መንደሩ መግቢያ ላይ ቀርቼ ነበር። አጠገቤ ካለው ጓሮ አንዲት ሴትዮ እንሰት ይፍቁ ነበር። ከቆይታ በኋላ ወንዶቹም ሴቶቹም ልጆች፣ በአንድ ረድፍ፣ ትንፍሽ ሳይሉ፣ ከሸንተረሩ ትልቅ ዛፍ ሥር ብቅ ብለው ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩአቸው። መፋቂያቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሁለት እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው ጮኹ።

ጩኸቱን ሌላ ቤት ተቀበለው፤ ያንን ደግሞ ሌላው። ወንዶች ከማሳ መጡ፤ አሮጊቶች መቀነታቸውን እያጠበቁ ወጡ፤ አንዷ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔ ምን እንደመጣብን አላወቅሁም። የገባኝ በኋላ ነው። በዚያ አገር ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው የሚሮጠው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሩቅ ሞት ወደ መንደር የሚገባው በሯጭ እግር ነው። ይህን ያህል ሯጭ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ያዩት ሰዎች ስንት ሬሳ እንዳሰቡ እግዚአብሔር ይወቅ። መምህር ሌዳሞ የአገሩ ልጅ ሆነው ይህን መርሳታቸው ኑሯቸው ምን ያህል የከተማ እንደነበረ አሳየኝ።

ነጭ ጢም ያላቸው አንድ ሽማግሌ በበትራቸው መንገዱን ዘጉ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አሉ መምህር ሌዳሞ እያለከለኩ።

«ታዲያ ማን አባረራችሁ?»

«ማንም አላባረረንም፣ አባቴ። ስፖርት ነው።»

ሽማግሌው ልጆቹን ከራስ እስከ እግር ተመለከቱ። «እህል በኩፖን እየበላችሁ፣ በነጻ ትሮጣላችሁ?»

በዚህ መካከል እንሰት ይፍቁ የነበሩት ሴትዮ ረድፉን ሰንጥቀው ገቡና ከኋላ ከነበሩት አንዱን ልጅ በጆሮው ያዙት። በጥፊ መቱት፤ ወዲያው አቅፈው ሳሙት፤ እንደገና መቱት። ልጁ ሳሙኤል ይባላል። እኛ ዘንድ ዐሥረኛ ክፍል የሚማር፣ ሳምንቱን በከተማ ዘመድ ቤት የሚያድር አንድ ልጃቸው ነው። ሴትዮዋ ወይዘሮ ዱካሌ ናቸው፤ ባላቸው ሳሙኤል ገና ሲድህ ሞተዋል።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ሸንጎ ተቀመጡ። እኔ ሲዳምኛ ያደግሁበት ቋንቋ ባይሆንም፣ አባቴ አሁን አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ሱቅ ስለነበራቸው ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ ለምጄዋለሁ። ፍርዱ አጭር ነበር። ሩጡ አሉ፤ ነገር ግን ከዛፉ ሥር ስትደርሱ «ኬሬ» ብላችሁ ጩኹ። ኬሬ ሰላም፣ ደኅና ማለት ነው። «ሰላም ካልሆነ ደግሞ» አሉ ባለ ነጭ ጢሙ ሽማግሌ፣ «ዝም ብላችሁ፣ እየተራመዳችሁ ግቡ። ያን ጊዜ እኛ እናውቃለን።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በቅዳሜ ከሸንተረሩ «ኬሬ! ኬሬ!» የሚል የልጆች ድምፅ ይወርዳል፤ ከመንደሩም «ኬሬ!» የሚል መልስ ይወጣል። ከሁሉ ኋላ የመምህር ሌዳሞ ወፍራም ድምፅ ብቻውን ይመጣል። የእሳቸው ከተሰማ ሁሉም ገብቷል ማለት ነው።

እኔ ሯጮቹን የምጠብቀው በወይዘሮ ዱካሌ ደጅ ነበር። ደስ የሚል ምላስ ነበራቸው። አንድ ቀን እንስራቸውን አዝለው ከምንጩ ሲመለሱ ልጆቹ ሳሙኤልን ሲያጨበጭቡለት አዩ። «ይኸውላችሁ» አሉ፣ «እኔ ስቀዳ የኖርኩበትን መንገድ እሱ ባዶ እጁን ሮጦ ጭብጨባ ይበላበታል። ለእኔስ ማን ያጨበጭባል?» መምህር ሌዳሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጨበጨቡላቸው፤ ልጆቹም ተከተሉ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ዱካሌ ውኃ ይዘው በመጡ ቁጥር መጨብጨብ ደንብ ሆነ። እሳቸውም እንስራውን ሳያወርዱ እንደ ንግሥት ጎንበስ ይላሉ።

ሳሙኤል ሜዳ ላይ ተራ ሯጭ ነበር። ቁልቁለት ላይ ግን የሚደርስበት የለም። «እግሩ ድንጋይ ይመርጣል» ይላሉ መምህር ሌዳሞ። ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፣ ሲጠየቅ ካልሆነ የማይናገር ልጅ ነው። ሌላ የምናገርለት ብዙ ነገር ቢኖረኝ ደስ ባለኝ፤ ዕድሜው ብዙ ነገር አላስቀመጠልንም።

የውትድርናው ዙር እየከበደ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከየገበሬ ማኅበሩ የሚቀርበው ወጣት ቁጥር ጨመረ፤ ፈቅዶ የሚሄድ ሲጠፋ ደግሞ ገበያ እየተከበበ ይታፈስ ጀመር። ወይዘሮ ዱካሌ አንድ ማለዳ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ከተራራው ወርደው በትምህርት ቤቱ በር ቆሙ። መምህር ሌዳሞን እኔ ጠራኋቸው።

«ልጄን ደብቀው» አሏቸው ወይዘሮ ዱካሌ።

«የት እደብቀዋለሁ፣ እኅቴ? እኔ ማስሮጥ ነው የማውቀው።»

«እንግዲያው አስሩጠው።»

መምህር ሌዳሞ ቅቤውን መልሰው በእጃቸው አስያዟቸው። ለክፍለ ሀገሩ የአትሌቲክስ ቡድን የተመረጠ ልጅ እንደማይነካ፣ የቡድኑ መታወቂያ ኪሱ ውስጥ ካለ አፋሾቹ እንደሚያልፉት ይወራ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን ያረጋገጠ ሰው የለም። መምህር ሌዳሞ ግን ያን ወሬ እንደ ገደል ሣር ያዙት።

ከዚያ ቀን አንሥቶ ቀልዳቸው ደረቀ። ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ መሆናቸውን ትተው ከሳሙኤል እግር ሥር አልጠፋ አሉ። ዳገት ላይ ሲያስመልሰው እንኳ አላቆሙትም። «ለሜዳሊያ አይደለም የምትሮጠው፣ ገባህ? ለሜዳሊያ አይደለም!» ልጁ አፉን በመዳፉ ጠርጎ ይነሣል። አንድ ቀን ዝም ማለት አቃተኝና «መምህር፣ ይሄ ልጅ ይሞትብዎታል» አልኳቸው። «ካርታ፣ በዚህ ዳገት የሞተ የለም» አሉኝ። «የሚሞትበትን አገር አንቺው ታስተምሪያቸዋለሽ።»

ምርጫው በከተማችን ተደረገ፤ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ታቦርን የሚዞር ሩጫ ነበር። ሳሙኤል በሜዳው ወደ ኋላ ቀረ፤ በታቦር ቁልቁለት ግን አንድ በአንድ አለፋቸው። ስሙ ከተመረጡት ጋር ሲጠራ መምህር ሌዳሞ አልጮኹም፤ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ብዙ ቆዩ።

መታወቂያው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚሰጥ ተነገረ። ሳሙኤል የምሥራቹን ለእናቱ ነግሮ፣ አንድ ሌሊት አድሮ፣ በማግስቱ ወደ ከተማ ሲመለስ በመንገዱ ላይ ያለው ገበያ ተከበበ።

መምህር ሌዳሞ ያልረገጡት ቢሮ አልነበረም። ከአንዱ ዘንድ አብሬያቸው ገብቻለሁ። የውድድሩን ደረት ቁጥር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ይህ ልጅ የክፍለ ሀገሩ ሯጭ ነው» አሉ። ባለሥልጣኑ ጨርቁን ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ሯጭ ከሆነማ ጥሩ ነው፣ ጓድ መምህር። እዚያም ሩጫ አለ።»

በዚያው ሳምንት ልጆቹ በተሸፈኑ መኪናዎች ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተጫኑ።

ወይዘሮ ዱካሌ መምህር ሌዳሞን አልወቀሷቸውም። ለእሳቸው ይህ ከወቀሳ ይብስ ነበር። በደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ወሬው ወደ ከተማ ይመጣል፤ ወደ እኔ አይመጣም። ማን ይነግረኛል?» መምህር ሌዳሞም ቃል ገቡ። በየቅዳሜው እመጣለሁ አሉ፤ በዛፉ ሥር «ኬሬ» ካልኩ ልጅሽ አለ፤ ዝም ብዬ እየተራመድኩ ከመጣሁ ግን ታውቂዋለሽ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። የመንደሩ ሽማግሌዎች የሠሩት ሥርዓት ስለነበር ለሁለቱም ቀላል መስሎ ታያቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት እንዴት እንደምጽፋቸው አላውቅም። ወንዶቹ ሯጮች አንዱ ሲታፈስ፣ ሌላው ሲሸሸግ አለቁ። ታሪኩ ሐይቁ ማዶ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዶ ዓሣ ማጥመድ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሴቶቹንም ወላጆቻቸው ከለከሏቸው። የእኔም የቅዳሜ ጉዞ ቀረ። መምህር ሌዳሞ ግን ክረምት ከበጋ፣ ጭቃ ሲሆን በጭቃው፣ ብቻቸውን ይሄዱ ነበር። ሰኞ ጠዋት በመምህራን ክፍል «ዋሬራ እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው «ኬሬ» ይሉኛል፤ እስቃለሁ።

ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር መለወጡን አየሁ። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው ማስቀመጥ ጀመሩ። ድምፃቸው ሻከረ። አንዲት መምህርት «ጋሼ፣ እንደዚህ አድርገው መሮጥ በእርስዎ ዕድሜ ያሠጋል፤ አንድ ቅዳሜ ቢዘሉስ?» ብትላቸው ያለ ልማዳቸው ተቆጡ። «አንድ ቅዳሜ ከዘለልኩ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?» ብለው ወጡ። የፍቅር ትጋት መሰለኝ። ለሰውም እንደዚያው ብዬ አወራሁላቸው።

ደርግ በወደቀበት ክረምት ወታደሮቹ ከሰሜን በእግራቸው ተመለሱ። በአስፋልቱ ዳር፣ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቁራሽ እየለመኑ በከተማችን ሲያልፉ አየናቸው። በየመንደሩ እናቶች መንገድ ላይ ወጥተው ይቆሙ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መምህር ሌዳሞ ቤቴ መጡ። ዝናብ መቷቸዋል። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ በሩ ላይ ቆመው ነገሩኝ።

ሳሙኤል ሞቷል። የሞተው አሁን አይደለም። አብሮት የታፈሰ አንድ ልጅ እግሩን አጥቶ ወደ አዋሳ ሲመለስ፣ ሳሙኤል ሲወድቅ በዓይኑ ማየቱን፣ አፈር ያለበሱትም እነሱ መሆናቸውን ለመምህር ሌዳሞ ነግሯቸው ነበር።

«በዚያ ቅዳሜ ልነግራት ነው የወጣሁት» አሉኝ። «ዛፉ ሥር ስደርስ ልራመድ ነበር። ግን ሮጬ ነው የወጣሁት፤ እግሬ ሌላ አያውቅም። ቀና ስል ደጇ ላይ ቆማ አየችኝ። ሮጬ ስመጣ አየችኝ፣ ካርታ! አፌን ከፈትኩ። የለመደውን ተናገረ።»

ፎጣ ዘረጋሁላቸው፤ አልተቀበሉኝም።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ አርመዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ደግሞ ያለፈውን ቅዳሜ ምን ብዬ ልንገራት?»

እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። አሁን ግን ወታደሮቹ እየተመለሱ ነው፤ ወይዘሮ ዱካሌም በየቀኑ እስከ ወተት መንገዱ መጨረሻ ወርደው ይጠብቃሉ። መርዶ ሲነገር እናት የምትይዝ ሴት ያስፈልጋል፤ አብሬያቸው እንድወጣ ለመኑኝ። ወዲያው ጃንጥላዬን ፈለግሁ፤ በማግስቱ የምንወጣ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከያዝኩት በኋላ ነው።

ማለዳ፣ ጭጋጉ ሳይነሣ፣ ያ ባለ ነጭ ጢም ሽማግሌና ሌላ አንድ አባት ከመንደሩ ሥር ተቀላቀሉን። መምህር ሌዳሞ ሙሉ እውነቱን ለእነሱም ገና አልነገሯቸውም፤ ልጁ መሞቱን ብቻ ነው የነገሯቸው። በጸሎት መንገድ ዞረን፣ በዛፉ ሥር አልፈን በዝምታ ወረድን። እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ። መምህር ሌዳሞ ሲራመዱ፣ እውነት ለመናገር፣ መራመድ የማይችል ሰው ይመስሉ ነበር።

ወይዘሮ ዱካሌ ወደ ወተት መንገዱ ሊወርዱ ከቤት ወጥተው ነበር። አዩን። ሽማግሌዎቹን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እየተራመዱ የሚመጡትን መምህር ሌዳሞን አዩ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ሮጬ ትከሻቸውን ያዝኩ።

«ዱካሌ» አሉ ሽማግሌው፣ «እግዚአብሔር የሰጠውን ወሰደ።»

አልጮኹም። «መቼ?» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌው ወደ መምህር ሌዳሞ ዞሩ። መምህር ሌዳሞ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሦስት የቡና ለቀማ አልፎታል።»

መጀመሪያ የተረዱት ሽማግሌው ናቸው። በትራቸውን አነሡ። «ኬሬ ስትል አልነበረም? በየሳምንቱ፣ በዚህ ዛፍ ሥር፣ ኬሬ ስትል አልሰማሁህም?» በትሩ ሲሰነዘርባቸው መምህር ሌዳሞ ፊታቸውን አልመለሱም፤ ቢያርፍባቸው የሚመርጡ ይመስለኝ ነበር። ወይዘሮ ዱካሌ ግን እጃቸውን ዘርግተው በትሩን ያዙና ዝቅ አደረጉት። እጄን ከትከሻቸው አንሥተው ወደ ቤት ገቡ።

የተመለሱት አንድ ቢጫ ካናቴራ ይዘው ነው። በጥንቃቄ ታጥፏል።

«ለመጨረሻ ጊዜ መጥቶ ሲሄድ ለውጦት የሄደው ነው» አሉ። «ከሩጫው የመጣበት ነው፤ ላቡ ነበረበት። አለ ስላልከኝ፣ ሲመጣ ንጹሕ ይልበስ ብዬ አጠብኩት። ሳሙና ከሱቅ ሲጠፋ በእንዶድ አጠብኩት። ለበዓል ሁሉ አጠብኩት።» ወደ መምህር ሌዳሞ ደረት ገፋ አደረጉት። «አሽትተው።»

መምህር ሌዳሞ ካናቴራውን ወደ ፊታቸው አስጠጉ።

«ምን ይሸትሃል?»

«ሳሙና» አሉ መምህር ሌዳሞ።

«መንግሥት ልጄን ወሰደ» አሉ ወይዘሮ ዱካሌ። «ባውቅ ኖሮ አላጥበውም ነበር።»

ካናቴራውን ከእጃቸው ተቀብለው ገለበጡት። ከዚያም በብብቱ፣ በአንገቱ ዙሪያ፣ በስፌቱ እጥፋት ውስጥ አፍንጫቸውን እያስጠጉ፣ ውኃ ሳይደርሰው የቀረ ቦታ ይፈልጉ ጀመር።